አባባ ሞጣ የከረሙበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ለሥራ ሞጣ ሄጄ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ ጥላ ሥር ዝናቡ እስኪያባራ ቆሜ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከዝናቡ ሸሽተው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ጋቢያቸው በዝናብ ርሷል። ከደረት ኪሳቸው ሲጋራ አውጥተው፣ በመዳፋቸው ከነፋሱ ከልለው ለኮሱ። የረጠበ ጥጥና የትንባሆ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲደርስ ደረቴ ጭብጥ አለ። መራቅ ነበረብኝ፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ሽታ ጠላት ነው። እግሬ ግን እሺ አላለኝም። አንድ ጊዜ ልሳበው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ቆምኩ። የአባባ ሽታ ነበር።

አባባ የምላቸው የአባቴን አባት ነው። ዕድሜያቸውን በውትድርና ጨርሰው የተመለሱ ሰው ስለነበሩ ቢቸና ውስጥ ሁሉም «አስር አለቃ ደምሴ» ይላቸዋል። ሴት አያቴ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ነበሩ። አባቴ የአስፋልት መንገድ ሥራ ላይ ተቀጥሮ ካምፕ ያድር ስለነበር ቤታችን ውስጥ ወንድ ማለት አባባ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጢማቸውን በየማለዳው የሚላጩ፣ ቁጡ የሚመስሉ፣ ግን ቁጣቸው ከጉሮሮ የማያልፍ ሰው።

ሲጋራቸውን ከሱቅ በነጠላ የምገዛላቸው እኔ ነበርኩ። ዝናብ እንዳይነካት በብብቴ ሥር ሸሽጌ ስመጣ ትልቅ አደራ የተቀበልኩ ይመስለኝ ነበር። «ነይ እሜቴ» ይሉና ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ያስገቡኛል። እዚያ ውስጥ ሙቀት አለ፤ የጦር ሜዳ ወሬ አለ። እሳቸው ከላይ ያጨሳሉ፤ እኔ ከታች ጉንጬን ደረታቸው ላይ ለጥፌ እሰማለሁ። ከዚያ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የማወራችሁ ክረምት ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ነው። ሰኔ ገና ሳይጋመስ የጣለው ዝናብ ማድ ቤታችንን አፈረሰው። ግድግዳው በአንድ በኩል ተንዶ ጣሪያው ሲተኛ፣ እናቴ ምድጃውን ወደ ትልቁ ቤት አስገባችው። ትልቁ ቤት የምንለውም በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋና መደብ፣ ወዲህ ምድጃው፣ በሩ ጥግ ደግሞ ዝናብ እንዳይመታቸው የገቡ በጎችና አንዲት ጥጃ። እንጨቱ እርጥብ፣ ኩበቱ እርጥብ። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እሳቱ እስኪያያዝ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል፣ የገፋ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በጭሱ ውስጥ የሚታየኝ ጀርባዋ ብቻ ነበር።

የዚያን ክረምት ደረቴ ያፏጭ ጀመር። በፊትም ጉንፋን ሲይዘኝ ትንሽ ትንሽ ይሞክረው ነበር፤ አሁን ግን ቆሜም ተኝቼም ሆነ። «ደረቷ ያፏጫል» ትላለች እናቴ ለሰው ስትነግር። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ ቤት ውስጥ ማፏጨት ነውር እንደሆነ፣ ሰይጣን እንደሚጠራ ስንት ጊዜ ተነግሮኛል። ስለዚህ ደረቴ ባለጌ መሰለኝ። ሰው ቤታችን ሲመጣ አፌን ገጥሜ፣ ትንፋሼን ይዤ ዝም ላሰኘው እታገላለሁ። ያን ጊዜ ይብስበታል።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ «ብርድ ነው፤ ሌላ አይደለም» አሉ። የመስኮታችንን ስንጥቅ ሁሉ በአሮጌ ጨርቅ ወተፉት፤ ፌጦ በሎሚ አጠጡኝ፤ በሩም እንዳይከፈት አዘዙ። ደግ ሴት ናቸው፤ ለእኔ ያልሆኑት የለም። ቤቱ ተዘጋ፤ ምድጃው ጨሰ፤ አባባ አጨሱ፤ በጎቹም ከእኛ ጋር ተነፈሱ። ሁላችንም እኔን ከብርድ እየጠበቅን ነበር።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ መደቡ ላይ ተቀምጬ እስቅ ነበር፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ አልቆም አለ። ከዚያ አየሩ እንደ ቀጭን ክር ሆነብኝ። እስበዋለሁ፣ ይበጠሳል። እንደገና እስበዋለሁ፣ ይበጠሳል። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ከንፈሯ ጠቆረ! ኧረ ከንፈሯን እዩልኝ!» ብላ ስትጮህ ሰማኋት። አባባ ሲጋራቸውን ምድጃው ውስጥ ወርውረው ተነሡ። በጀርባቸው አዘሉኝ፤ ጋቢያቸውን ደረቡብኝ፤ ከላይ ላስቲክ ጣሉብኝና ወደ ጤና ጣቢያው ዳገቱን ያዙት። እናቴ ከኋላ ትከተላለች፤ ጭቃው ያንሸራትታታል። ጆሮዬ አባባ ጀርባ ላይ ነበር። የእሳቸውም ደረት ሲያፏጭ ሰማሁ። ሁለታችን ተያይዘን እያፏጨን ወጣን።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለችን ሲስተር ጫልቱ ናት። ከወለጋ ተመድባ በዚያው ዓመት የመጣች ወጣት ነርስ ነበረች፤ አማርኛዋ ለስለስ ያለ፣ ቃሉን በቀስታ የምታስቀምጥ። ቂጡ የተበሳ የውሃ ፕላስቲክ አመጣች፤ በተበሳው በኩል መድኃኒቱን ሰካች፤ አፉን ወደ አፌ አስጠጋች።

«አትፍሪ። ተንፍሺ። አሁን ደግሞ ቀስ ብለሽ ሳቢ። ጎበዝ።»

መድኃኒቱ ምላሴ ላይ ይመራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክሩ መወፈር ጀመረ። መበጠሱን ተወ። እናቴ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«አስም ነው» አለቻት ሲስተር ጫልቱ።

እኔ የሰማሁት «ስም ነው» ስትል ነው። አዲስ ስም ያወጡልኝ መስሎኝ «የምን ስም?» አልኩ። አባባ ራሴን እየዳበሱ «ስም ቢሆንማ ምን ነበረበት፣ እሜቴ» አሉ።

ሲስተር ጫልቱ ትጠይቅ ጀመር። ምድጃው የት ነው? ቤት ውስጥ፤ ማድ ቤቱ ፈርሶ ነው። እንስሳት አብረው ያድራሉ? ክረምት ስለሆነ ነው። መኝታው ይረጥባል? አዎ፣ በግድግዳው በኩል። እናቴ እያንዳንዱን ጥያቄ ጥፋት እንደሠራች ሆና ትመልሳለች።

«ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?»

እናቴ አንገቷን ደፋች። አማቷ አጠገቧ ቆመዋል። ምራት በአማቷ ላይ እንዴት አፏን ትከፍታለች! 

«እኔ ነኝ» አሉ አባባ። ስሙ እንደተጠራ ወታደር ቀጥ ብለው። «ቤት ውስጥ ነው የማጨሰው። እሷንም አቅፌ ነው።»

ሲስተር ጫልቱ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«አባቴ፣ የእርስዎ ሲጋራ ብቻ አይደለም። የምድጃው ጭስም፣ የቤቱ እርጥበትም፣ የእንስሳቱ ጸጉርም አለበት። በዘርም ይመጣል። ይህ ሁሉ እያለ ምንም የማይሆን ልጅ አለ፤ የእሷ ደረት ግን ቶሎ የሚቆጣ ነው። እኛ የምንችለው የሚያስቆጣውን ማራቅ ነው። ጭሱን ከቤት ማስወጣት ነው።» ከዚያ ዓይኗ ወደ እናቴ ሆድ ሄደ። «ለሚመጣውም ቢሆን። ገና ማህፀን እያለም ጭሱ ይጎዳዋል። ከአሁኑ ከተጠነቀቃችሁለት፣ ሲወለድም እስከ ስድስት ወሩ ጡት ብቻ ከጠባ፣ ጭስ ካልነካው፣ ዕድሉ ይሻላል። አይታመምም ብዬ ግን ቃል አልገባም። ማንም አይገባም።»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከእኔ ቀጥሎ የተወለደ ወንድ ልጅ ነበራት። የመጀመሪያ ክረምቱን ሳይጨርስ ሳል ወሰደው። ቤታችን ውስጥ ስለ እሱ አይወራም ነበር። አባባም ወለሉን እያዩ ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። በዚያች ሰዓት ስለ ማን ያስቡ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ውጭ ያጨሱ ጀመር። ዝናቡ እየወረደ ከጠፈጠፉ ሥር ቆመው፣ ግማሽ ትከሻቸው እየራሰ ያጨሳሉ። ሲገቡ ግን ጋቢያቸውን አይገልጡልኝም። «አሁን አይሆንም እሜቴ፤ ልብሴ ጭስ ነው» ብለው ወዲያ ማዶ ይቀመጣሉ። እኔ ባለጌው ደረቴ አሳፍሯቸው መሰለኝ። መድኃኒቱን ሲስተር ጫልቱ እንዳሳየችኝ አድርጌ ብስብም፣ ማፏጨቱን ብተውም፣ ጋቢው አልተከፈተም።

ሌላም የምሠራው ሥራ ነበረኝ። እናቴ አጠገብ ስሆን ትንፋሼን መያዝ። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ከእኔ እንዳይዘው ብዬ ነው። እህል ስትለቅም ከጎኗ ቁጭ ብዬ ጉንጬን ነፍቼ ሳለሁ አየችኝ።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«እንዳይዝበት።»

«ምኑ?»

«አስሙ።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። ራሴን ጎተተችና ሆዷ ላይ አስደገፈችኝ። «ይሄ ከሰው ወደ ሰው አይዝም፤ ሲስተርን ጠይቄያታለሁ። ተንፍሺበት። ድምፅሽን ይልመደው» አለችኝ። ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ጆሮዬን ገፋ አደረገው። ደነገጥኩና ሁለታችንም ሳቅን።

አንድ ማለዳ አባባ የወታደር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለው ተነሡ። ለእናቴ «ሞጣ፣ ወዳጄ ሰይድ ዘንድ ደርሼ ልምጣ። የልጅቷን መድኃኒትም እዚያ እፈልጋለሁ» አሏት። ቤት የያዝነው ፓፍ፣ በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ እያለቀ ነበር፤ ያን ሰሞን ደግሞ ቢቸና መድኃኒት ቤት አልተገኘም። ግንባሬን ሳሙኝ፤ ጋቢያቸው ከካፖርቱ ሥር ነበር። ሄዱ።

መድኃኒቱ በሚኒባስ ሹፌር እጅ መጣ። አብሮት አንድ የውሃ ፕላስቲክ፣ ቂጡ በቢላዋ በጥንቃቄ የተበሳ፣ ጠርዙ እንዳይቆርጠኝ በጨርቅ የተለበጠ። አባባ ግን አልመጡም። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም።

የጠፉበትን ምክንያት ብቻዬን አገኘሁት። ሲስተር ጫልቱ «ጭሱን ከቤት ማስወጣት ነው» ብላለች። አባባ ደግሞ «ልብሴ ጭስ ነው» ብለዋል። ስለዚህ ጭሱ እሳቸው ናቸው፤ በእኔ የተነሳ ተባረሩ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። መደባቸው ላይ ተኝቼ ትራሳቸውን አሸታለሁ፤ ሽታው በየቀኑ ይቀንሳል።

ጎረቤቱም የራሱን ምክንያት አገኘ። «ሽማግሌውን ምራታቸው አስወጣቻቸው» ተባለ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። አባቴ ከካምፕ ሲመጣ ወሬው መንገድ ላይ ቀድሞ ደርሶት ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

«አባቴን ከቤት አስወጣሽብኝ?»

«አንድ ቃል አልወጣኝም» አለች እናቴ። እሳት ልታያይዝ ተንበርክካ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ በጭሱ ይሁን በለቅሶ አይለይም። «አጨሱም አላልኩ፣ አያጭሱም አላልኩ። ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም። ከእንግዲህ ምን ላድርግ?»

አባቴ ቤቱን ቀና ብሎ አየው፤ ጥቁር የለበሰውን ጣሪያ፣ የተወተፈውን መስኮት፣ ጥጃዋን። እኔም ያን ጊዜ «እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው» ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ሳጉ ወደ ሳል እንዳይሄድ እናቴ ፓፉን ይዛ ሮጠች።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ሞጣ ሄድን። ደብረ ወርቅንና ግንደ ወይንን አልፈን ስንሄድ የጤፉ ማሳ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ጉም ተኝቶበታል። አባቴ መስኮቱን ለእኔ ገርበብ ሲያደርገው ከኋላችን ያሉ ሴትዮ «ኧረ ነፋሱ!» ይላሉ፤ ይዘጋዋል፤ ሴትዮዋ ሲያንቀላፉ ደግሞ ይከፍተዋል። እንዲህ ስንከፍትና ስንዘጋ ሞጣ ደረስን።

አያ ሰይድ የአባባ የጦር ሜዳ ጓደኛ ናቸው። ከውትድርና ሲመለሱ የአባታቸውን የጨርቅ ንግድ ያዙ። ሱቃቸው ከወለል እስከ ጣሪያ ጣቃ ነው፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አበባ ያለው። አዲስ ጨርቅ ይሸታል። ፍልሰታ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሴ ድምፅ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ አያ ሰይድ ጫማቸውን ፍለጋ ጎንበስ ባሉበት ነው እኛን ያዩን።

«ደምሴ! ተነሥ፣ እንግዳ መጣልህ።»

አባባ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው ሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ከስተዋል። ጢማቸውን አልተላጩም። እኔን ሲያዩ ተነሡ፤ እኔ ግን አልሮጥኩም። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው እሜቴ? ረሳሽኝ?»

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያስወጣሁዎ?»

«ማን አስወጣኝ አለሽ?»

«ሲስተር ጭሱን አስወጡ አለች። እርስዎም ጭስ ነኝ አሉ።»

ሊስቁ ነበር፤ ሳይስቁ ቀሩ። ቆሎውን ኪሳቸው ከተው፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው፣ ፊቴ መጥተው ቁጢጥ አሉ። ጉልበታቸው ቀጭ አለ።

«ስሚኝ። እኔ ጭስ አይደለሁም። ጭሱ ሌላ፣ እኔ ሌላ። ግን ከልጅነት እስከ ሽምግልና አብረን ስለኖርን መለያየቱ ቀላል አልሆነም። ስተወው ቁጡ እሆናለሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በማይረባው እጮሃለሁ። ያንን አንቺ ፊት አላደርገውም ብዬ ነው የመጣሁት። ማንም አላስወጣኝም። አንቺማ እንዴት አድርገሽ!»

«እዚህስ ለምን መጡ?»

«የእኔ ሱቅ ጨርቅ ነዋ!» አሉ አያ ሰይድ። «እዚህ እሳት ይዞ የሚገባ የለም፤ አያትሽ ይህንን ያውቃል። ሲያምረው ሽምብራ አጎርሰዋለሁ። ሲቆጣ ጣቃ አስጠቀልለዋለሁ። ይኸው ሱቄን አሳምሮልኛል።»

«አሁን ተዉት ታዲያ?» አለ አባቴ።

አባባ ትንሽ አፈሩ። «ባለፈው ወድቄያለሁ። መናኸሪያው ዘንድ ሄጄ አንዷን አጨስኳት።»

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» አሉ አያ ሰይድ። «ግን ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ካልደበቀ ይተወዋል።» ይህን ብለው ወደ መስጊዳቸው ወጡ።

አባቴ አጋጣሚውን አግኝቶ ወደ አባባ ጠጋ አለ። «አባባ፣ ሰው ምራታቸው አባረረቻቸው እያለ ነው። ቢመለሱልን ይሻላል።»

የአባባን ቁጣ ከጉሮሮ ሲያልፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ማን ነው እንዲህ የሚለው? እሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም! ምነው በተናገረችኝ። ሁለት ነፍስ ተሸክማ ጭስ ውስጥ ስትደፋ እያየሁ፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ሌላ ጭስ እጨምር ነበር። የመጀመሪያውን ወንድ ልጅ ቀብረን አልነቃንም። አሁን ነቅቻለሁ።» ጣታቸውን ወደ አባቴ ቀሰሩ። «አንተስ? መንገድ ለአገሩ ትሠራለህ፣ ሚስትህ ማድ ቤት የላትም። እኔን ለመውሰድ የመጣህበትን ጊዜ ለእሷ አውለው። ሂድ፣ ማድ ቤቱን ሥራ። እኔ ሲበቃኝ በራሴ እመጣለሁ።»

አባቴ ትልቅ ሰው ነው፤ እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ «እሺ አባባ» አለ።

ከመሄዳችን በፊት አባባ ከባንኮኒው ጀርባ አስቀመጡኝና ጣቃ መጠቅለል አሳዩኝ። አንዱን ጫፍ እሳቸው ይዘው፣ ሌላውን እኔ፣ ቢጫ አበባ ያለበትን ጨርቅ አጠንክረን ጠቀለልነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ያላየሁ መሰልኩ። ከዚያ በኋላ አልፈራሁም። ሰው የሚሄደው ስለተጠላ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚመለስበትን ሊያዘጋጅም እንደሚሄድ የዚያን ቀን ገባኝ፤ በልጅ አእምሮዬ እንዲህ ባልለውም።

አባቴ ፈቃድ ጠይቆ ቤት ሰነበተ። ማድ ቤቱን ከትልቁ ቤት ራቅ አድርጎ አቆመው፤ የግድግዳውን ላይኛ ክፍል ሳይመርግ ክፍት ተወው፤ ጣሪያውንም ለጭሱ መውጫ አበጀለት። ከፈረሰው ቤት በተረፈው እንጨትና ቆርቆሮ ለበጎቹና ለጥጃዋ መጠለያ ሆነ። እናቴ ምድጃዋን ተሸክማ ስትወጣ ሙሽራ ትመስል ነበር። እኔ አቧራና ጭድ እንዳይነካኝ ከሩቅ ተቀመጪ ብባልም፣ ለአባቴ ምስማር አቀብላለሁ በሚል ሰበብ እየተጠጋሁ አሥሩም ጣቴ ጭቃ ሆነ።

ወንድሜ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ተወለደ። ቀይ፣ ጸጉራም፣ ለቅሶው እንደ ግልገል። እትዬ ብርቄ ቅቤ በጣታቸው ይዘው መጡ፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ጉሮሮው እንዲለሰልስ ቅቤ ይውጣል ብለው። መስኮቱንም ሊወትፉ ጨርቅ ይዘዋል።

«አራስ ነሽ እኮ! ነፋስ ይመታሻል፤ ልጁንም ይመታዋል።»

እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች። ጮክ ብላ የማትናገር ሴት ናት። «እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ ለእኔ እናቴ ነዎት። ከነፋሱ አለብሰዋለሁ። ግን መስኮቱን ይተዉልኝ። ቅቤውንም ለእኔ ራስ ያድርጉልኝ፤ እሱ ጡት ይበቃዋል። አንዱን ልጅ ቤት ዘግቼ አጥቼዋለሁ።»

እትዬ ብርቄ ጨርቁን እንደያዙ ቆሙ። የሞተውን ልጅ ገንዘው የሸኙት እሳቸው ነበሩ። ቅቤውን እናቴ አናት ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው እያሹ አለቀሱ። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ሳይጠሩ መጡና ፍራሻችንን ብቻቸውን አውጥተው ውጭ አሰጡት። «ይህንንም ሲስተራችሁ ታዝ የለ!» አሉ፤ እየተቆጡ።

አባባ የመጡት በጳጉሜ፣ የሩፋኤል ዕለት ነው። ልጆች ሁሉ በዝናቡ ልንታጠብ ደጅ ወጥተን ሳለ ከሚኒባስ ሲወርዱ አየኋቸው። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ቀጥታ ወደ ቤት አልገቡም። ጋቢያቸውን አውልቀው በሳሙና አጠቡ፤ ካፖርታቸውን አጠቡ፤ ራሳቸውን ታጠቡ። ዝናቡ ሲያቆም ልብሱ እስኪደርቅ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። እናቴ በበሩ ብቅ ብላ «አባባ፣ ኧረ ይግቡ፤ ይበርድዎታል» አለቻቸው። «አያስቸኩልም፤ ልጁ አይሄድም» አሏት።

ጋቢው ሲደርቅ ገለጥ አድርገው «ነይ» አሉኝ። ገባሁ። ሳሙናና ፀሐይ ይሸታል። ደስ አለኝ፤ ደግሞ የማላውቀው ሰው ጋቢ ውስጥ የገባሁ መሰለኝና ትንሽ ከፋኝ። አልነገርኳቸውም። ልባቸው ሲመታ ስሰማ እሳቸው መሆናቸውን አወቅሁ።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ የሰፈሩ ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር ሊነቅሉ ወደ መስኩ ወረዱ። እናቴ ፈራች፤ ሣሩ፣ እርጥበቱ፣ ዳገቱ። አባባ «ትሂድ፤ ሰው ከደረቱ ጋር ታስሮ አይኖርም» አሉላት። እናቴ ፓፌን በቀሚሴ ኪስ ከትታ በመርፌ ቁልፍ ቆለፈችልኝ። ቀስ ብዬ ወረድኩ። ጓደኞቼ ሲዘፍኑ ተቀባይ ሆኜ ዘፈንኩ፤ ሲደክመኝ ቁጭ አልኩ፤ ተነሥቼ ደግሞ ዘፈንኩ። እንግጫዬን ነቅዬ፣ አደይ አበባ ጨምሬበት ጎነጎንኩ። ስንመለስ ዳገቱ መሃል ላይ ደረቴ ትንሽ ጠበብ አለ፤ እንደተማርኩት ቆሜ፣ መድኃኒቴን ስቤ፣ ጠበቅሁት። ተወኝ። ከሁሉም ኋላ ቤት ደረስኩ፤ ግን በእግሬ ደረስኩ።

ፀሐይ ልትገባ ነው። ማዶ ከማድ ቤቱ የእናቴ ጭስ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አባባ ደጃፉ ላይ በርጩማ ተቀምጠዋል፤ ወንድሜ ደረታቸው ላይ በአፍ ጢሙ ተኝቷል። እንግጫውን ራሳቸው ላይ ላደርግላቸው ስጠጋ፣ ልጁ እንዳይነቃ አንገታቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉልኝ። አበባው ወደ ጆሯቸው ተንሸራተተ፤ አላስተካከሉትም።

«ስሚው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ጆሮዬን ወደ ትንሿ ጀርባው አስጠጋሁ። ጀርባው ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል። ጠበቅሁ።

«ምንም አይሰማም» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ አባባ። «እሱኑ ሳዳምጥ ነው የዋልኩት።»